የአዲስ ደንበኛ ጉርሻ

እናቴ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነበር የምትለው። እኔን ሴት ልጇን «መጣህ?» ትለኛለች፤ የጎረቤታችንን ሴትዮ «እንዴት አደርክ?» ትላታለች፤ ጓሮ የገባችውን ዶሮ «ውጣ ከዚህ!» ብላ ታባርራለች። ተወልዳ ያደገችው ገረሴ ነው። በእሷ ቋንቋ «አንተ»ና «አንቺ» አንድ ቃል ስለሆኑ፣ ከደጋ ወርዳ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ኖራም ልዩነቱ አልያዝ አላት። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነበር፤ አማርኛ ሲበላሽ ጆሮውን የሚያመው ዓይነት። «አለሽ ነው የሚባለው» እያለ ሲያርማት «እሺ፣ አንተ ልክ ነህ» ትለውና ወዲያው ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ከቤቱ ሰው ሳትሳሳት የምታናግረው እሱንና ወንድሜን ብቻ ነበር፤ እሱም ወንዶች ስለሆኑ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ይህንን ጨዋታ አድርጎት አደገ። የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ ገና እናቴን ሳያያት፣ «እማ፣ አለህ?» ብሎ ይጮሃል። እሷም ከጓዳ ሆና «አለሁ፣ አንተስ አለህ?» ትለዋለች። አባቴ «ቤቴን የደንቆሮ ቤት አደረጋችሁት» ብሎ ይቆጣል፤ እነሱ ይስቃሉ። በዓለም ላይ እናቱን «አለህ?» የሚል ልጅ ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ይህን ነገር አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

የቤት ስልኩን ያስገባው አባቴ ነው። ተመዝግቦ ስንት ዓመት ወረፋ እንደጠበቀ እሱ ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ሽቦ እየጎተቱ የመጡ ዕለት፣ ኮመዲኖ ላይ አስቀምጦት እናቴ ዳንቴል ሠራችለት። ከዚያ አባቴ እንደ ተማሪ አሰልፎን ቁጥሩን በዜማ አስጠናን፤ ልክ ፊደል እንደሚያስቆጥር፣ እሱ እየመራ እኛ እየተቀበልን። እናቴ ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ ከሁላችን ቀድማ በቃሏ የያዘችው ግን እሷ ነበረች። ሽንኩርት ስትልጥ እንኳን ታንጎራጉረው ነበር።

አባቴ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ሞተ። ወንድሜ ለጥቂት ዓመታት ሥራ ፈለገ፣ አጣ፣ ባጃጅ ተከራይቶ ነዳ፣ ተወ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገረሴ አጎቱን ሊጠይቅ እንደሆነ ነግሮን አነስተኛ ቦርሳ ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከሞያሌ ደወለ፤ ጉዞው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ከሰፈራችን በዚያ መንገድ የሄደ ልጅ ብዙ ነው። የደረሱት ለእናቶቻቸው ቤት ሲሠሩ አይተናል። ያልደረሱትንም አይተናል፤ ሁለት ቤት አልፎ ድንኳን ተተክሎ፣ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተቀምጠናል። እናቴ ከዚያ ለቅሶ ስትመለስ ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው እሁድ ከረፋዱ ላይ ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ገብታ ነጠላዋን እያጠፈች ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የት እንዳለ አልነገረኝም፤ ሁለት ድንበር ማለፋቸውን ብቻ ነገረኝ። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ስልኬንም ወረቀቴንም ደላሎቹ ወስደውብኛል። በቃሌ ያለው የአባባ ቁጥር ብቻ ነው። እንዳትቀይሩት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩት።

ከዚያ እናቴን እንዳቀርብለት ለመነኝ። ስልኩን ስሰጣት «እማ፣ አለህ?» ሲላት ለእኔም ተሰማኝ። «አለሁ፣ አንተስ...» ብላ ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ብዙ ቆየች።

ዓመት አለፈ። ሁለተኛውም ገባ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን በቀር እግሯ ከቤት አይወጣም ሆነ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስልኩን አንስታ ድምፅ እንዳለው ታዳምጥና፣ እሱ በዚያች ቅጽበት ቢደውል ተይዟል እንዳይለው ብላ እንደሚያቃጥል ነገር ቶሎ ትመልሰዋለች። በጨዋታ መሀል ዝም ትላለች፤ የጠራ መስሏት ነው። ነፋሱ ከአባያ ሐይቅ በኩል ሲነሳ የቆርቆሮው መንኳኳት እንኳን ያስደነግጣት ነበር። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ «ኧረ አልጠራም እማ፣ ተይ!» እላታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያንን ስልክ ጠላሁት። ሥራ ውዬ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ዳንቴሉን ለብሶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ ለቅሶ እንዳንቀመጥ የሚከለክለን፣ እፎይ እንዳንልም የሚከለክለን እሱ ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በምሳ ሰዓት አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ወንድሜን ፌስቡክ ላይ እፈልገዋለሁ። ስሙን ጽፌ እጫናለሁ፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ የምሳ ሰዓቴ ያልቃል። አንዳንድ ቀን አንድ ፎቶ ከግንባሩ እስከ ቅንድቡ ድረስ ወርዶ ይቆማል። ቅንድቡ የወንድሜን ይመስላል እላለሁ፤ መብራት ይጠፋል። ወይ ነዶ! ስንቱን ቅንድብ አይቼ ወደ ሥራዬ ሮጬ ተመለስኩ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ በሲቀላ ገበያ መዞር የጀመረው። ፈጣን የቤት ኢንተርኔት መጣላችሁ፣ ለአዲስ ደንበኞች ልዩ ጉርሻ አለ ይላል። ወረቀትም ይበትናል። ወረቀቱ ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ነጭ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ኮምፒዩተር እያዩ ይስቃሉ። እንደዚያ ያለ ነጭ ሶፋ አርባ ምንጭ ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ በእኛ አቧራ ሁለት ቀን አይነጣም። ከታች ጉርሻው ተዘርዝሯል፦ ነፃ ሞደም፣ ለሦስት ወር እጥፍ ፍጥነት፣ ጃንጥላና ካናቴራ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁና ለእናቴ አነበብኩላት። ኢንተርኔቱ ከገባ ልጅሽን እናገኘዋለን፣ ፊቱን እያየሽ ታወሪዋለሽ አልኳት። ዓይኗ በራ። ጉርሻ የምትለው ቃል ላይ ግን ቆመች።

«ጉርሻው ለማን ነው?»

«ለአዲስ ደንበኛ።»

«ለነበረውስ?»

«ለነበረው የለም።»

«ማዕድ ላይ የተቀመጠውን ትቶ በር ላይ የቆመውን ያጎርሳል እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች። በጣም ሳቅኩ። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ነግሬ አሳቅኳቸው።

በማግስቱ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ደህና ልጅ ነች፤ በእሷ ላይ የማመካኘው የለኝም። ነገሩን ዘርዝራ አስረዳችኝ። አባቴ ባስገባው መስመር ላይ ፈጣኑን ኢንተርኔት መጨመር ይቻላል፣ ቁጥሩም እንዳለ ይቀጥላል፤ ግን የቆየ ደንበኛ ስለሆንን ጉርሻው የለም። ጉርሻውን ከፈለግን የድሮው ተዘግቶ በእኔ ስም እንደ አዲስ እንመዘገባለን፣ ቁጥሩ ግን ይቀየራል። «ቁጥሩን ሰው የሚያውቀው ከሆነ በነበረው ላይ ይሻልሻል፣ እህቴ» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ከመስኮቱ ጀርባ አዳዲሶቹ ሞደሞች በካርቶናቸው ተደርድረዋል፣ ጃንጥላዎቹ በላስቲክ እንደታሸጉ ቆመዋል።

ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። ሁለት ዓመት ያልጠራ ስልክ ከእንግዲህ አይጠራም ብዬ አሰብኩ። በሕይወት ካለ እኔ በኢንተርኔት ቀድሜ አገኘዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር፤ ያ ስልክ እንዲሞት ፈልጌ ነበር። እናቴ እሱን ከመጠበቅ እንድትገላገል፣ እኔም እሷን ከማየት እንድገላገል። እና ደግሞ፣ ያሳፍራል፣ ጃንጥላው አምሮኝ ነበር። «ቁጥሩ አያስፈልገንም» አልኩና የሟች አባቴን ወረቀቶች በመስኮቱ አሳልፌ ሰጠሁ።

ለእናቴ መስመሩ ታደሰ ነው ያልኳት። የድሮው ስልክ ራሱ ከአዲሱ መስመር ጋር ተገናኝቶ ዳንቴሉን እንደለበሰ በቦታው ተቀመጠ። አንስታ አዳመጠችው፤ ድምፅ አለው። «በጣም ጎበዝ ነህ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር፤ ዝም አልኩ። በሳምንቱም፣ በወሩም ዝም አልኩ። ዝምታ ሲቆይ እየቀለለ ይሄዳል፣ ያ ነው ክፉው ነገር።

ፍጥነቱ እንደተባለው ነበር። የማትዞር ክብ፣ የማይቆም ፎቶ! መጀመሪያ ሳምንት፣ በብድር በገዛሁት ያገለገለ ላፕቶፕ፣ በየቀኑ ወንድሜን ፈለግኩት። በስሙ ያሉ ሰዎች መዓት ናቸው፤ አሁን ቅንድባቸው ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፊታቸው ይወጣል፣ አንዱም እሱ አይደለም። ከወር በኋላ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። ከዚያ የተከታታይ ድራማ ሱስ ያዘኝ፤ ፀጉር አሠራር፣ ኬክ አሠራር፣ የሰው ሠርግ፣ ምኑ ቅጡ። እናቴ አንዳንዴ ከኋላዬ መጥታ ትቆማለች። አንድ ቀን ወደ ሞደሙ አረንጓዴ መብራት እያመለከተች ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

«ተገናኝቷል ማለት ነው» አልኳት።

«ከማን ጋር?» አለች።

ድራማውን አስቀጠልኩት። መብራቱን ትንሽ አይታ ወደ ኮመዲኖዋ ተመለሰች።

ከክረምቱ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በዚያው በወንድሜ መንገድ ሊሄድ ተነሳ። እናቱ እያለቀሰች ልትሸኘው ስትወጣ እኛም ወጣን። እናቴ የልጁን እጅ ያዘችና ወንድሜን ካገኘው እናቱ ቤቷ እንዳለች፣ ስልኩም በቦታው እንዳለ እንዲነግረው ለመነችው። ከዚያ መንገድ ላይ ቆማ ቁጥሩን በአባቴ ዜማ ታስጠናው ጀመር። እሷ ትመራለች፣ እሱ ይቀበላል፤ አልያዝ ሲለው እንደገና ታስጀምረዋለች። የድሮውን ቁጥር ነው። ሌላ የምታውቀው የለም። ልጁ እያንጎራጎረ መኪናው ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁት፤ አላስቆምኩትም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ከሞባይሌ የአባቴን ቁጥር ደወልኩ። መስመሩ በተዘጋ ሰሞን ሁለት ጊዜ ሞክሬው አገልግሎት ላይ አይደለም ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ተጽናንቼ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ጠራ። አንዲት ጠና ያለች ሴት አነሱ። ንግግራቸው የሰሜን ነው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ መሆናቸውን፣ ቤታቸውም ከእኛ አራት መንገድ ብቻ የሚርቅ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። ቁጥሩ ቀድሞ የእኛ እንደነበር ነግሬ፣ እኛን ብሎ የደወለ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እናንተን ያለ የለም» አሉ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «አንድ ባለጌ ግን ነበር። ሳነሳው ‹እማ፣ አለህ?› ይለኛል። በስተርጅና ወንድ ሆንኩ እንዴ?»

ስንት ጊዜ አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አሉኝ። መጀመሪያ ተሳስተሃል ብለው ዘጉበት። በሁለተኛው ተቆጡት፤ እናትህን ነው እንዲህ የምትናገረው ብለው ሰደቡት። በሦስተኛው ልጁ በትሕትና ነው የጀመረው፤ ይቅርታ ጠይቆ፣ እዚያ ቤት የነበሩት ሰዎች ወዴት ሄደው እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸው እኛን አያውቁንም። የሚያውቁት ስልኩን ሲያስገቡ የሰሙትን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የነበረ ደንበኛ በፈቃዱ የተወው ነው ተብለዋል።

«ያንኑ ነገርኩት፣ ልጄ። ራሳቸው ናቸው የተዉት አልኩት። ‹ራሳቸው?› አለኝ። ከኋላው በማላውቀው ቋንቋ ሰዎች ይጮሃሉ፣ ወረፋ ያለ ይመስላል። ከዚያ ተዘጋ።»

መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ከፋሲካ በፊት፣ አሉኝ። ስድስት ወር አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። ወንድሜ በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ የት እንዳለ ባላውቅም፣ ወረፋ ይዞ፣ በቃሉ ያለችውን ብቸኛ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር ማለት ነው። ሳሎን ተቀምጬ የሰው ሠርግ በማይበት ጊዜ።

በዚያው ቀን ከሥራ እንደገባሁ ለእናቴ ነገርኳት። አንዱንም አላስቀረሁም፤ «እሺ» ማለቴን፣ መስኮቱ ላይ ያልኩትን፣ ጃንጥላውን። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሞደሙን ነቀልኩት፣ እሷ ግን አላየችውም። በአራተኛው ቀን ኩርኩፋ ቀቀለች፤ ልጇ የሚወደውን፣ የበቆሎውን ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር። በሰሃን አድርጋ በጨርቅ ሸፈነችው።

«ሴትዮው ቤቱ የት ነው?» አለችኝ።

ወሰድኳት። ሴትየዋ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ፤ ያልሰደብኩት ምን ነበር እያሉ የራሳቸውን አፍ ረገሙ። ቁጥሩን እንዲመልሱልን ለመንኳቸው። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻቸው በቃላቸው የያዙት እሱን ነው፤ «እኔም እናት ነኝ» አሉኝ። እናቴ ግን ስለ ቁጥር ባለቤትነት አልተከራከረችም። ስልኩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ነው የምትሄደው። ፀሐይም ይሁን ዝናብ የአዲስ ደንበኛ ጃንጥላዋን ትዘረጋለች። ሌላ ጃንጥላ ገዝቼላት ነበር፤ ይሄ ደህና ነው ብላ ተወችው። ሁለቱ ሴቶች ብዙም አያወሩም። ስልኩ በጠራ ቁጥር ሴትየዋ አንስተው ካዳመጡ በኋላ ለእናቴ ራሳቸውን ይነቀንቁላታል፤ ልጆቻቸው ናቸው። እናቴ ትጠብቃለች። እኔ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አመጣታለሁ።

አንድ እሁድ ልወስዳት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አየሁ። ነጩን ሶፋ ገና ከበሩ ለየሁት፤ አራቱም እየሳቁ ነው። ሴትየዋ ዓይኔን ተከትለው አዩና፣ ልጆቻቸው በቪዲዮ እንይሽ፣ ፈጣኑን አስገቢ እያሉ አላስቀምጥ እንዳሏቸው ነገሩኝ። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጡት ነገርም አለ አሉ፣ አሉኝ። እግራቸው ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ። በነበረው መስመር ላይ ያስገቡት፣ ቁጥሩን አይልቀቁት፣ የሚለቁት ከሆነ ለእኔ ሳይነግሩኝ አይሁን ብዬ ለመንኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉኝ። እኔም እኮ «እሺ» ብዬ ነበር።

እናቴ የምንለውን እየሰማች አልነበረም። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ጨርሳ የምትሸፍንበት ነገር በዓይኗ ፈለገች፤ እዚያ ቤት ዳንቴል የለም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳችው። የሚስቁትን ሰዎች ወደ ታች ገለበጠችና፣ አቧራ እንዳይነካው ስልኩ ላይ አለበሰችው።